በኤሌክትሪክ ሳይክል ከአዳማ እስከ ሐዋሳ፦ አራት ቀን ከአጎቴ ጋር



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ "ሞተር ያለው ከሆነማ ምኑን ሳይክል ነዳህ?" የሚለውን ጥያቄ ባለፉት ወራት ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጠርኩትም። ከጠያቂዎቹ አብዛኞቹ የናንተ እኩዮች ናቸው። ጠንካራ ጉልበት ያላቸው፣ ዳገት ሲያዩ የሚሮጡ ልጆች። ጥያቄው ቀልድ ቢመስልም ቁም ነገር አለበት፤ ስለዚህ ዛሬ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው ብዬ ተነሣሁ። ትንሽ ይረዝማልና ታገሱኝ።

እኔ ስፖርተኛ አይደለሁም። መድረሳ ተምሬ ያደግኩ፣ አሁን የሰፈራችንን ኢማም የማግዝ፣ እሳቸው በሌሉ ጊዜ የማሰግድ፣ ከዐስር በኋላ ልጆች የማስቀራ ሰው ነኝ። ለአራት ቀን በሳይክል መንገድ ያስወጣኝ የአጎቴ ጉልበት ነው።

አጎቴ የእናቴ ወንድም ናቸው፤ 62 ዓመታቸው ነው። በወጣትነታቸው አዳማ ውስጥ ለዳቦ ቤት ዳቦ በሳይክል ያከፋፍሉ ነበር። ሥራው ከቀረ በኋላም ሳይክሉ አልቀረም። ለሱብሒ ሶላት የሚመጡት በሳይክል ነበር፤ የጭቃ መከላከያው ድንጋይ ላይ ሲንኳኳ ስንሰማ እሳቸው መሆናቸውን እናውቅ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ግን ጉልበታቸው ታመመ። ሐኪሙ መገጣጠሚያው እየሳሳ መሆኑን ነገራቸው። ሳይክል አልከለከላቸውም፤ እንዲያውም ቀለል አድርጎ መርገጥ ለጉልበት ጥሩ ነው ብሏቸዋል። የከለከላቸው ዳገት ላይ መታገልን ነው። እሳቸው ግን "ዳገት የሌለበት መንገድ የት አለ?" ብለው ሳይክሉን ግድግዳ አስደግፈው ተዉት።

ከሳይክሉ ጋር ብዙ ነገር አብሮ ቆመ። ገበያ መውጣቱ፣ የታመመ መጠየቁ፣ ቀብር መድረሱ ሁሉ "ማን ይወስደኛል?" የሚል ጥያቄ መጣበት። ሐዋሳ የሚኖሩትን ታላቅ እህታቸውን፣ ያሳደጓቸውን ማለት ነው፣ ካዩ ሁለት ዓመት አለፈ። አውቶቡስ ውስጥ ጉልበት አጥፎ ብዙ ሰዓት መቀመጥ ከብዷቸው ነው። እህታቸው ደግሞ እርጅና ይዟቸዋል። ነገሩ ቀን ሊሰጥ የሚችል አልነበረም።

መላውን ያመጣው የሰፈራችን ሳይክል ጠጋኝ ነው። የአጎቴን የድሮ ሳይክል የኋላ ጎማ ፈትቶ እምብርቱ ላይ ሞተር ያለበት ጎማ ገጠመላቸው፤ ባትሪውን አግዳሚው ብረት ላይ አሰረው። ለእኔም ያገለገለ ሳይክል ላይ ያንኑ አደረገልኝ። ሁለታችንም አንድ ዓይነት ሞተርና አንድ ዓይነት ባትሪ እንዲኖረን የፈለግነው አስበንበት ነው። ጥቅሙን ወደ ኋላ ታዩታላችሁ።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ

ብዙ ሰው የኤሌክትሪክ ሳይክልን ከሞተር ሳይክል ጋር ያምታታዋል። የኛ ዓይነቱ ዝም ብለህ ብትቀመጥበት አይሄድም። ፔዳሉን ስትረግጥ አንዲት ትንሽ ሴንሰር እግርህ መዞሩን አይታ ለሞተሩ ትነግረዋለች፤ ሞተሩም ያግዝሃል። መርገጥ ስታቆም ያቆማል። የእገዛው መጠን ከ1 እስከ 5 በቁልፍ ይመረጣል። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ እንዲህ ያለው ነገር እንደ ሳይክል እንዲቆጠር የሞተሩ ኃይል ከ250 ዋት መብለጥ የለበትም፤ እገዛውም በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ መቆም አለበት። የኛ ሞተሮች 350 ዋት ናቸው፤ ፍጥነቱን ግን ጠጋኙ 25 ላይ ቆርጦልናል።

አሁን ወደ ስንቁ እንምጣ። ባትሪያችን 48 ቮልት፣ 13 አምፒር ሰዓት ነው። ሁለቱን ስታባዙ 624 ዋት ሰዓት ይሆናል። ሻጭ ስለ ኪሎ ሜትር የፈለገውን ሊነግራችሁ ይችላል፤ እናንተ ግን ይህን ቁጥር ጠይቁ። እግርህ እየሠራ ሜዳ ላይ ስትሄድ ለአንድ ኪሎ ሜትር ከ8 እስከ 10 ዋት ሰዓት ይበላል። ስለዚህ አንድ ሙሉ ባትሪ ከ60 እስከ 75 ኪሎ ሜትር ያደርሳል። ነፋስ ከፊት ሲመጣ፣ ዕቃ ሲበዛና ዳገት ሲጀምር ይቀንሳል። ዳገትን አስቀድሞ ማስላትም ይቻላል፦ ሰውዬው፣ ሳይክሉና ዕቃው አንድ ላይ 110 ኪሎ ቢሆኑ፣ 400 ሜትር ከፍታ ለመውጣት ብቻ ወደ 120 ዋት ሰዓት ይፈልጋል። ሞተሩ በሙቀት መልክ የሚያባክነውን ስትጨምሩ ከ150 ያልፋል። ይህ ከባትሪው ሩብ ያህሉ ነው።

መንገዱ

የወጣነው በኅዳር ወር ነው፤ ዝናቡ ያበቃል፣ ፀሐዩም ገና አይበረታም። ጠቅላላ መንገዱ ወደ 225 ኪሎ ሜትር ነው። የፍጥነት መንገዱ ለሳይክል ስለማይፈቀድ በድሮው መንገድ በሞጆ፣ በዓለም ጤና፣ በመቂ፣ በባቱ፣ በአርሲ ነጌሌና በሻሸመኔ አድርገን ነው የሄድነው። ለየከተማው የምናውቀው ሰው አስቀድመን ደውለን የመንገዱን ሰላም ጠየቅን። ይህን ሳታደርጉ አትውጡ።

የመጀመሪያው ቀን ረጅሙ ነበር፤ እስከ መቂ 80 ኪሎ ሜትር ያህል። ከሞጆ በኋላ ወደ ቆቃ ወርደን አዋሽን ተሻገርን። አጎቴ ድልድዩ ላይ ቆመው ወደ ሐይቁ አቅጣጫ እያሳዩኝ "ይኼ ውኃ ነው መብራት የሚሆነው" አሉኝ። እውነት ነው። የቆቃ ግድብ ኃይል ማመንጨት የጀመረው በፈረንጆቹ 1960 ነው፤ አጎቴ ሳይወለዱ ማለት ነው። ሳይክሉን የሚገፋው መብራት ከውኃ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ውኃውን እያየሁ ስረግጥ ግን ሌላ ስሜት ነበረው።

የጉዞው ምስጢር የገባኝም እዚያ አካባቢ ነው። እኔ እገዛውን 1 ላይ አድርጌ ነበር፣ አጎቴ 3 ላይ። ሁለታችንም በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር እንሄዳለን። እኔም ያልበኛል፣ እሳቸውም ያልባቸዋል። ማናችንም ማናችንንም አንጠብቅም።

በተራ ሳይክል ቢሆን ኖሮ አስቡት። እኔ ቀድሜ ዳገቱ ጫፍ ላይ ቆሜ እጠብቃቸዋለሁ፤ እሳቸው እያለከለኩ ይደርሳሉ፤ ሲደርሱ እኔ አርፌ ልነሣ ነው። የሚጠበቅ ሰው ሁልጊዜ ይቅርታ እንደጠየቀ ነው። የድሮ ሲራራ ነጋዴዎች ቅፍለታቸውን በደካማው ልክ ያስኬዱ የነበሩት ወደው አይደለም፤ ደካማውን ጥሎ የሄደ ቅፍለት መንገድ ላይ ይበተናል። ሞተሩ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፦ ደካማው የጎደለውን ይሞላለታል፣ ጠንካራው ደግሞ ባለው ይሄዳል። ድካሙ ከሁለታችንም ላይ አልተነሣም፤ ለየአንዳንዳችን በአቅማችን ተሰፈረ እንጂ።

መኪና በሌለበት ቦታ ጎን ለጎን እየሄድን አወራን። ቤት ውስጥ በሦስት ዓመት ያላወራነውን ነው ያወራነው። በአንድ ወቅት "አንተ ልጅ" አሉኝ፣ "ጉልበቴ አይደለም ያመመኝ። ያመመኝ በር ላይ ተቀምጬ የሚወስደኝን ሰው መጠበቄ ነው።" መልስ አልነበረኝም። እሳቸውም መልስ የፈለጉ አልመሰለኝም።

ሶኬት ፍለጋ

ዓለም ጤና ላይ ምሳ በላን፤ ምግብ ቤቱን አስፈቅደን ሁለት ሰዓት ቻርጅ አደረግን። ቻርጀራችን 2 አምፒር ስለሆነ ባዶ ባትሪ ለመሙላት ስድስት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈልጋል፤ ሁለት ሰዓቱ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ጨመረልን። መቂ ከመግሪብ በፊት ገባን፤ አልቤርጎ ይዘን ባትሪዎቹን ሰካንና ተኛን። ሌሊት መብራት ጠፋ። ለሱብሒ ስንነሣ የእኔ 61፣ የአጎቴ 54 ከመቶ ላይ ቆሟል። በዚያን ቀን ቡልቡላን አልፈን ልናድር ነበር ያሰብነው። አጎቴ ቁጥሩን አይተው "ያለን እስከ ባቱ ያደርሰናል። ዛሬ ባቱ ነን" አሉ። ባቱ 30 ኪሎ ሜትር ነው። በዚህ ጉዞ ዕቅዱን የምታወጣው አንተ ብትሆንም የሚያጸድቀው ባትሪው ነው።

ባቱ ዙህርን ሰግደን ስንወጣ አንድ ወጣት ሳይክሎቹን አይቶ በደስታ "እዚህ መስጂዱ ውስጥ ሰኩት እንጂ፣ የአላህ ቤት አይደል!" አለን። ልቡ ንጹሕ ነበር። እኔ ግን አመነታሁ። መስጂድ ውስጥ የማድር ሰው ስለሆንኩ ቆጣሪው የማን እንደሆነ አውቃለሁ። የመስጂድ መብራት ሰዎች ለመስጂዱ ብለው ከሰጡት ገንዘብ ይከፈላል፤ ወቅፍ ደግሞ ለተሰጠበት ጉዳይ ነው የሚውለው። ስልክ መሰካት በየቦታው የተለመደ ነው፤ ባትሪ ግን ስልክ አይደለም። ፈትዋ መስጠት የእኔ ቦታ አይደለም፤ የየከተማችሁን ዑለማዎች ጠይቁ። ቢያንስ ግን ኃላፊውን ሳያስፈቅዱ አለመሰካት ማንንም አይጎዳም።

የኮሚቴውን አባት ፈልገን ጠየቅናቸው። ባትሪውን አይተው ስንት እንደሚፈጅ ጠየቁኝ። አስረዳኋቸው፦ ሁለቱም ባዶ ቢሆኑ እንኳ አንድ ላይ ወደ 1 ነጥብ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢፈጁ ነው። የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ከሦስት ኪሎ ዋት በላይ ስለሚስብ ለግማሽ ሰዓት ቢበራ ይህንኑ ይፈጃል። ሳቅ አሉና "ትንሽ ነው፤ ትንሽ ስለሆነ ግን ከመስጂዱ አይሁን" ብለው ወደ ሱቃቸው ወሰዱን። እዚያ ሰካን። ገንዘብ ስናወጣ ተቆጡ። አጎቴም ዝም ብለው አልተቀመጡም፤ የሱቁ በር ላይ የቆመውን የልጅ ልጃቸውን ሳይክል ገልብጠው ፍሬኑንና ሰንሰለቱን አስተካከሉለት። ማታም እዚያው ቤት በላን።

ነዳጅ ስትቀዳ ከፍለህ ትሄዳለህ፤ የቀዳልህን ሰው ፊት ሳታይ እንኳ ልትሄድ ትችላለህ። ባትሪ ግን ሰዓታት ስለሚፈልግ ቁጭ ያደርግሃል። ቁጭ ስትል ደግሞ እንግዳ ትሆናለህ፤ ስምህን፣ ሀገርህን፣ ወዴት እንደምትሄድ ትጠየቃለህ። መጀመሪያ እንደ ጉድለት ያየሁት ይህ መዘግየት የጉዞው በረካ ሆኖ አገኘሁት።

ስለ ሶላትም የጠየቃችሁኝ ስላላችሁ በአጭሩ ልበል። በቀን 30 ወይም 50 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለምንሄድ ሙሳፊር አንባልም ወይ ብሎ የጠየቀኝ ወንድም አለ። በአብዛኞቹ ዑለማዎች ዘንድ ርቀቱ ወደ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን የሚታየው በአንድ ቀን የሄድከው ሳይሆን ከከተማህ ስትወጣ ያሰብከው መድረሻ ነው። በመዝሀቦች መካከል ያለውን ዝርዝር ከመውጣታችሁ በፊት ከኡስታዞቻችሁ ጋር ጨርሱት። ለእኛ ቀስሩም ጀምዑም ትልቅ እፎይታ ነበር።

ዳገቱ

ሦስተኛው ቀን ከባቱ እስከ አርሲ ነጌሌ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ላንጋኖ አካባቢ ያለው መንገድ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,600 ሜትር ነው፤ አርሲ ነጌሌ ግን ከ2,000 በላይ። ያ 400 ሜትር ዳገት ያለው ባትሪው ከደከመ በኋላ፣ መንገዱ መጨረሻ ላይ ነው። ከቡልቡላ በኋላ ደግሞ ነፋሱ ከፊታችን መጣ። ላንጋኖን በግራ አሳልፈን ዳገቱን ስንጀምር የአጎቴ ባትሪ 30 ከመቶ ነበር። የእኔ 52።

ሞተሩ ጎማው እምብርት ላይ ስለሆነ የሳይክሉ ማርሽ አይጠቅመውም፤ በዝግታ ረጅም ዳገት ሲወጣ ይግላል። ስለዚህ በየሁለት ኪሎ ሜትሩ እየቆምን አቀዘቀዝነው። አርሲ ነጌሌ ስድስት ኪሎ ሜትር ሲቀር የአጎቴ ባትሪ 7 ከመቶ ደረሰ። ጉልበታቸውን በእጃቸው መደገፍ ሲጀምሩ አየሁ። ምንም አላሉም።

ወርጄ ባትሪዎቹን ፈታሁና አቀያየርኳቸው። "ተው እንጂ" አሉኝ። "አጎቴ፣ አንቱ ቀድማችሁ ሂዱ፤ እኔ እደርሳለሁ" አልኳቸው። የእኔ ባትሪ ገና 29 ከመቶ ነበረው። ሁለቱ አንድ ዓይነት ባይሆኑ ኖሮ ይህ ባልተቻለ ነበር። 25 ኪሎ የሚሆን ሳይክል ከነዕቃው ያለ እገዛ ዳገት መግፋት ምን ማለት እንደሆነ በዚያ ስድስት ኪሎ ሜትር አወቅኩ። ግማሹን በእግሬ እየገፋሁ ነው የሄድኩት። ከተማው መግቢያ ላይ አጎቴ ሻይ አዝዘው ጠበቁኝ። ፊቴን አይተው ከት ብለው ሳቁና "ለነዚያ ልጆች ሳይክል ነድቻለሁ በላቸው" አሉኝ። በሦስት ዓመት ውስጥ ሰው ጠባቂ ሳይሆኑ ሰው የጠበቁት ያን ቀን ይመስለኛል።

በአራተኛው ቀን ሻሸመኔን አልፈን ሐዋሳ ገባን፤ 50 ኪሎ ሜትር ያህል፣ አብዛኛው ቁልቁል። ቁልቁል ሞተሩ አይሠራም፤ ፍሬን ነው የሚሠራው። እህታቸው ከግቢው በር ወጥተው ሳይክሉን ሲያዩ "ዛሬም ከዚህ ብረት አልተለያየህም?" ነው ያሏቸው። ከዚያ በኋላ ያለውን ለነሱ ልተወው።

የአጎቴ ጉልበት አልዳነም። የኤሌክትሪክ ሳይክል መድኃኒት አይደለም። ስንመለስ ሳይክሎቹን አይሱዙ ላይ ጭነን እሳቸውን ከሹፌሩ ጎን እግራቸውን ዘርግተው አስቀመጥናቸው። አሁን ግን ብርድ ካልበረታ ሱብሒ ላይ አሉ።

ለመውጣት ለምታስቡ

1. መጀመሪያ ባትሪያችሁን በቅርብ መንገድ ፈትኑት። ዕቃ ጭናችሁ 30 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ ስንት ከመቶ እንደበላ ጻፉ። የእያንዳንዱን ቀን መንገድ ከባትሪው ሦስት ሩብ በላይ አታድርጉት፤ ሩቡ ለነፋስና ለጠፋ መብራት ነው።

2. ከርቀት ይልቅ ከፍታን እዩ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ግን 600 ሜትር ገደማ ወደ ላይ ነው። ከድሬዳዋ ወደ ደንገጎ ያለውንም የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ዳገቱን ጠዋት፣ ባትሪው ሙሉ ሳለ ካገኛችሁት ጥሩ ነው።

3. የሊቲየም ባትሪ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። የወደቀ፣ ያበጠ ወይም ውኃ የገባበትን አትስኩ። ከራሱ ቻርጀር ሌላ አትጠቀሙ። ፀሐይ ላይ አትተዉት። ከተቻለ ሳትተኙ ቻርጅ አድርጉ፤ ማታ መሰካት ግድ ከሆነ ከፍራሽና ከመውጫ በር አርቁት።

4. "ከጅዳ ወይም ከዱባይ ዘመድ ባትሪ ያምጣልኝ" የምትሉ፣ በመንገደኛ አውሮፕላን ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ የሊቲየም ባትሪ አይፈቀድም። የሳይክል ባትሪ ደግሞ የዚያን ሦስትና አራት እጥፍ ነው። ዘመዳችሁን ኤርፖርት ላይ አታስጨንቁ።

5. ትርፍ ካላማዳሪ፣ ፓምፕ፣ የኋላውን ጎማ የሚፈታ ቁልፍ፣ የራስ ቆብና የኋላ መብራት ያዙ። ሞተር ያለበትን ጎማ መፍታት እንደ ተራው ስላልሆነ ቤታችሁ ተለማመዱት። ከመግሪብ በኋላ አትንዱ።

6. ሁለት ሆናችሁ የምትወጡ ከሆነ አንድ ዓይነት ባትሪ ይኑራችሁ።

ወንድሜ ሆይ፣ ጉልበት አማና ነው፤ ተሰጥቶህ ነው፣ አንድ ቀንም ይመለሳል። ያለ እገዛ ዳገት መውጣት ከቻልክ አልሐምዱሊላህ በል፣ ውጣም። ነገር ግን በሰፈርህ ሳይክሉን የተወ አንድ አባት፣ አንድ ታመመ የተባለ ጓደኛ አይጠፋም። እሱን ጥለህ ከምትደርስበት ሩቅ ቦታ፣ አብራችሁ የምትደርሱበት ቅርብ ቦታ ይሻላል። አንድ ቀን ውሰድና ጠይቀው። ቀኑን እሱ ይምረጥ፤ አንተ ሶኬቱን ፈልግ።

አላህ መንገዳችንን የሰላም ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።